ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመንግሥት ውሎችና ዓለም አቀፉ የግልግል ዳኝነት

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 23 ቀን 2023 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የንግድ ችሎት በናይጄሪያ መንግሥት ላይ ተላልፎ የነበረ አንድ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ የተገኘው በማጭበርበር መሆኑን በማረጋገጥ የሀገሪቱን አቤቱታ ተቀበለ። ወለዱ ሲታከልበት ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው ዕዳም ከናይጄሪያ ሕዝብ ትከሻ ወረደ።

ዜናው በአቡጃ በእፎይታ ተሰማ። ይሁንና የመንግሥት ውል የሚያዘጋጁ፣ የሚፈርሙና የሚያስፈጽሙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ከዚህ ጉዳይ የሚማሩት ስለ መጨረሻው ድል ብቻ አይደለም። አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የገባው አንድ ውል ሀገሪቱን ለ11 ዓመታት ያህል በክርክር ያቆየው፣ የሕዝብ ሀብቷንም ለአደጋ ያጋለጠው በምን ምክንያት እንደሆነ ሲመረመር፣ ከማጭበርበሩ ጎን ለጎን የተለመዱ የቢሮ ጉድለቶች ጎልተው ይታያሉ። በጥንቃቄ ያልተጻፈ አንቀጽ፣ በጊዜው ያልተሰጠ መልስ፣ ለክርክሩ ያልተሰበሰበ ማስረጃና ያለፈ ቀነ ገደብ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

በመስኩ የካበተው ተሞክሮ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት አንድ የመንግሥት ተቋም የሚረታው ወይም የሚረታበት በአብዛኛው ጠበቆች በችሎት ፊት በሚናገሩበት ዕለት ሳይሆን፣ ከዚያ ዓመታት አስቀድሞ ውሉ በሚረቀቅበት ጠረጴዛና ደብዳቤው በሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።

የግልግል ዳኝነት ለምን?

ግልግል ለሀገራችን ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። የተጣሉ ወገኖች የሚያምኗቸውን ሰዎች መርጠው ጉዳያቸውን ማሳየታቸው ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ዓለም አቀፉ የግልግል ዳኝነት ግን ከሽምግልና የሚለይበት መሠረታዊ ነጥብ አለ። የሽማግሌ ሐሳብ በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የግልግል ዳኞች የሚሰጡት ውሳኔ ግን እንደ ፍርድ አስገዳጅ ነው። የተሸነፈው ወገን ባይወደውም እንኳ በንብረቱ ላይ ሊፈጸም ይችላል።

የውጭ ሀገር ሥራ ተቋራጭ ወይም ባለሀብት ከአንድ መንግሥት ጋር ሲዋዋል በዚያው መንግሥት ፍርድ ቤት መዳኘትን አይመርጥም። መንግሥትም በበኩሉ በባለሀብቱ ሀገር ፍርድ ቤት መቆም አይፈልግም። በመሆኑም ሁለቱ ወገኖች በጋራ በሚመርጧቸው ዳኞች ለመዳኘት ይስማማሉ። ከዚህም በላይ በልማት አጋሮች ብድርና እርዳታ የሚከናወኑ ትላልቅ የግንባታ ውሎች የግልግል አንቀጽ እንዲኖራቸው የሚጠበቅ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምርጫ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ሥራ አካል ሆኗል።

የግልግል ውሳኔ ጉልበት የሚያገኘው በአብዛኛው እ.ኤ.አ በ1958 በኒውዮርክ ከተደረሰው የውጭ ሀገር የግልግል ውሳኔዎችን የማወቅና የማስፈጸም ስምምነት ነው። ከ170 በላይ ሀገሮች የተቀበሉት ይህ ስምምነት በአንድ አባል ሀገር የተሰጠ ውሳኔ በሌላው አባል ሀገር ፍርድ ቤት እንዲፈጸም ያስችላል። ፍርድ ቤቱ ማስፈጸሙን እምቢ ሊል የሚችለውም በስምምነቱ ላይ በተዘረዘሩ ጥቂት ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ ዳኞቹ ማስረጃውን መዝነው የደረሱበት ድምዳሜ ትክክል አይደለም የሚለው ከእነዚህ መካከል አይገኝም።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ያጸደቀች ሲሆን፣ ከኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ በሀገሪቱ ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። ሀገሪቱ ስምምነቱን የተቀበለችው በንግድ ነክ ጉዳዮችና በሌሎች አባል ሀገሮች ለሚሰጡ ውሳኔዎች በመወሰን እንዲሁም ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ በማድረግ ነው። በዚያው በ2013 ዓ.ም የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቶ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበታትኖ የነበረውን ድንጋጌ በአንድ ሰብስቧል።

እነዚህ ሁለት እርምጃዎች ለባለሀብቱ ዋስትና ሰጥተዋል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ጥንቃቄን ይጠይቃሉ። ቀደም ሲል በባሕር ማዶ የተሰጠ ውሳኔ እዚህ መጥቶ እስኪፈጸም ድረስ ረጅም መንገድ ነበረው። ያ መንገድ አሁን አጥሯል።

የናይጄሪያው ጉዳይ ሲገለጥ

የናይጄሪያ የነዳጅ ሀብት ሚኒስቴር ውሉን የተፈራረመው እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2010 ነው። ሌላው ተዋዋይ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገበ ፕሮሰስ ኤንድ ኢንዱስትሪያል ዴቨሎፕመንትስ የተባለ ኩባንያ ነበር። በውሉ መሠረት መንግሥት የተፈጥሮ ጋዝ እስከ ቦታው ድረስ ያቀርባል፤ ኩባንያው ማጣሪያ ገንብቶ የተጣራውን ጋዝ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ እንዲውል ያለ ክፍያ ይመልሳል፤ ከጋዙ የሚለዩትን ሌሎች ውጤቶች ለራሱ ሸጦ ያተርፋል። የውሉ ዘመን 20 ዓመት ነበር።

ጋዙ አልቀረበም፤ ማጣሪያውም አልተገነባም። ኩባንያው እ.ኤ.አ በኦገስት 2012 ጉዳዩን ወደ ግልግል ወሰደው። ሦስት አባላት ያሉት የግልግል ጉባኤ በጁላይ 2015 ናይጄሪያ ውሉን አፍርሳለች ሲል ወሰነ። በጃንዋሪ 2017 ደግሞ በአብላጫ ድምፅ 6 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ከ2013 ጀምሮ ከሚታሰብ 7 በመቶ ወለድ ጋር እንድትከፍል ፈረደ። ስሌቱ የተመሠረተው ማጣሪያው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በ20 ዓመታት ውስጥ ሊገኝ ይችል በነበረው ትርፍ ላይ ነው። ወለዱ ብቻ በቀን ከ1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

ከዓመታት ምርመራ በኋላ የለንደኑ ፍርድ ቤት የደረሰበት እውነት ከዚህ የተለየ ነው። ኩባንያው ውሉ በሚፈረምበት ወቅት በሚኒስቴሩ የሕግ ዘርፍ ከፍተኛ ኃላፊ ለነበሩ ሰው ጉቦ ከፍሏል፤ ይህንንም በግልግሉ ሂደት ደብቋል። ለግልግል ጉባኤው በቀረበው የምስክርነት ቃል ላይ ሐሰት ተናግሯል። ከዚህም በላይ በክርክሩ ወቅት የናይጄሪያ መንግሥት ከራሱ የሕግ ባለሙያዎች ጋር የተለዋወጣቸው ምስጢራዊ ሰነዶች በኩባንያው እጅ ይገቡ ነበር። ባላጋራው የመንግሥትን ሐሳብ አስቀድሞ እያነበበ ነበር የሚከራከረው።

ይህ ሁሉ በወቅቱ ሳይደረስበት የቀረበት ምክንያት ለመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። የኩባንያው ወገን ያቀረበው የምስክርነት ቃል በጉባኤው ፊት በብርቱ ሳይፈተን አልፏል። ውሉ በማን አነሳሽነትና በምን ጥናት ላይ ተመሥርቶ እንደተፈረመ በመንግሥት በኩል ጠለቅ ያለ ምርመራ የተጀመረው ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የግልግል ውሳኔን ለመቃወም የሚፈቀደው 28 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ናይጄሪያ በማጭበርበር ላይ የተመሠረተ አቤቱታዋን ያቀረበችው በ2019 መጨረሻ፣ ቀኑ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2020 ልዩ ሁኔታውን ተመልክቶ ጊዜውን ባያራዝምላት ኖሮ፣ ማጭበርበሩ ቢኖርም ዕዳው ባልተነሳላት ነበር። እንዲህ ያለ ፈቃድ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ብሂል የሚሠራው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ዳኛው በፍርዳቸው ማጠቃለያ አካባቢ ከጉዳዩ ወጣ ብለው አራት ነገሮች እንዲታሰብባቸው አሳስበዋል። መንግሥታት የሚገቧቸው ትላልቅ ውሎች አረቃቅ፣ በክርክር ወቅት ሰነዶችን የማቅረብ ግዴታ፣ የመንግሥታት ውክልናና የክርክር ተሳትፎ እንዲሁም የግልግል ሂደት በዝግ መካሄዱ የሚያስከትለው ችግር ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በቀጥታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቤት ሥራ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

«መቀመጫ» የምትል አንዲት ቃል

በግልግል አንቀጽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው የግልግሉ መቀመጫ ጉዳይ ነው። መቀመጫ ሲባል ዳኞቹ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ማለት አይደለም። ግልግሉን የሚቆጣጠረው የየትኛው ሀገር ሕግ እንደሆነ፣ ውሳኔውን ለመሰረዝ አቤቱታ የሚቀርበው ለየትኛው ሀገር ፍርድ ቤት እንደሆነ የሚወስነው ሕጋዊ ቦታ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ ሆኖ ዳኞቹ ለአመቺነት በሌላ ከተማ ምስክር ሊሰሙ ይችላሉ፤ ይህን ማድረጋቸው መቀመጫውን አይለውጠውም።

በናይጄሪያው ውል ላይ የናይጄሪያ የግልግል ሕግ ተፈጻሚ እንደሚሆን ተጽፎ፣ የግልግሉ ሥፍራ ደግሞ ለንደን እንደሆነ ተመልክቶ ነበር። ናይጄሪያ ለንደን የመሰብሰቢያ ቦታ ብቻ ነው በማለት በሌጎስ ፍርድ ቤት እግድ አወጣች። የግልግል ጉባኤው ግን በ2016 መቀመጫው እንግሊዝ ነው ሲል ወሰነ፤ በ2019 የለንደኑ ፍርድ ቤትም በዚሁ ጸና። የሌጎሱ እግድ ውሳኔውን አላስቆመውም። በአንዲት ቃል ምርጫ ምክንያት ሀገሪቱ ጊዜዋንና ገንዘቧን ከፈለች።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከሀያ ዓመታት በፊት በኢትዮጵያም ተነስቶ ነበር። የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሳሊኒ ከተባለው የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ጋር በገባው ውል ላይ አለመግባባት ተፈጥሮ፣ ጉዳዩ በፓሪስ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የግልግል ሥርዓት ይታይ ጀመር። መቀመጫው አዲስ አበባ ነበር። ዳኞቹ ችሎቱን በፓሪስ ለማካሄድ ሲወስኑ ባለሥልጣኑ ተቃወመ፤ ዳኞቹም እንዲነሱ ጠየቀ። ጥያቄው በፓሪስ ውድቅ ሲደረግ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች አመራ፤ ሂደቱ እንዲቆምም ትእዛዝ ተሰጠ። የግልግል ጉባኤው ግን እ.ኤ.አ ዲሴምበር 7 ቀን 2001 በሰጠው ውሳኔ ትእዛዙን ሳይቀበል ሥራውን ቀጠለ።

ይህ ውሳኔ እስካሁን ድረስ በዓለም አቀፍ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለክርክር የሚቀርብ ሲሆን፣ የትኛው ወገን ትክክል እንደነበር የሕግ ምሁራን አይስማሙም። ለተግባር ሰው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። በሀገር ውስጥ የተገኘ እግድ በውጭ የተሰየመን ጉባኤ የግድ አያቆምም። ስለሆነም በእግዱ ተማምኖ ከክርክሩ መራቅ አደገኛ ነው። ተቃውሞን በመዝገብ አስፍሮ፣ መብትን ጠብቆ በክርክሩ መቀጠል የተሻለ መንገድ መሆኑን ልምዱ ያስተምራል።

የመጨረሻ ውሳኔ እስከ ምን ድረስ?

ሁለተኛው በውል ወቅት መታሰብ ያለበት ጉዳይ የውሳኔው የመጨረሻነት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ተዋዋዮች የግልግሉ ውሳኔ የመጨረሻ እንዲሆን ከተስማሙ ጉዳዩ በሰበር አይታይም የሚል አቋም ቀደም ሲል ይዞ ነበር። በ2003 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 42239 በብሔራዊ ማዕድን ኮርፖሬሽንና በዳኒ ድሪሊንግ መካከል በነበረው ጉዳይ ግን አቋሙን ለውጦ፣ እንዲህ ያለ ስምምነት ቢኖርም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የማረም ሥልጣኑ እንደማይቀር ወሰነ።

የዚህ ትርጓሜ ክብደት ጎልቶ የታየው በኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጉዳይ ነው። በአውሮፓ የልማት ፈንድ ገንዘብ ይካሄድ በነበረው የነባሩ የባቡር መስመር እድሳት ውል ምክንያት ኮንስታ የተባለው የሥራ ተቋራጮች ጥምረት ጉዳዩን ወደ ግልግል ወስዶ፣ በሄግ የቋሚው የግልግል ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤትነት በተካሄደው ክርክር እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2016 ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ተፈረደለት። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግንቦት 16 ቀን 2010 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 128086 በሰጠው ውሳኔ ይህን ፍርድ በመሠረታዊ የሕግ ስህተት ምክንያት ሻረው።

ውሳኔው ምድር ባቡሩን ከከባድ ዕዳ ያዳነ ቢሆንም፣ በውጭ ባለሀብቶችና በጠበቆቻቸው ዘንድ ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም። የግልግል ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ጉዳዩ እንደገና በፍርድ ቤት ከተመረመረ የግልግሉ ጥቅም ምንድን ነው የሚል ነበር ጥያቄው። እንዲህ ያለው ስጋት በሚቀጥለው ውል ላይ መቀመጫውን ከአዲስ አበባ ውጭ ለማድረግ መከራከሪያ ይሆናል፤ ስጋቱም በዋጋ ላይ ይታከላል።

አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በዚህ ረገድ ሚዛን ለመጠበቅ ሞክሯል። በአዋጁ አንቀጽ 49 መሠረት ተዋዋዮች ካልተስማሙ በስተቀር ይግባኝ አይቀርብም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር ለሰበር ማመልከት የሚቻለው ደግሞ ተዋዋዮች ይህን የሚያስቀር ስምምነት ካላደረጉ ነው። ይህ ማለት ውሳኔው ያለው በአርቃቂው እጅ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በውሉ ላይ «ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፤ ሰበርም አይጠየቅበትም» የሚለውን ሐረግ ሲቀበል ምን እየተወ እንደሆነ አውቆ ሊቀበል ይገባል። ከሌላ ውል የተቀዳ አንቀጽ ሳይመረመር ሲፈረም የሚጠፋው ይህ ዕውቀት ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ጉዳዩ በግልግል ሊታይ የሚችል መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ መጣራት አለበት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 315 የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ውሎች በግልግል እንዳይታዩ ከልክሎ ነበር። አዲሱ አዋጅም በአንቀጽ 7 የግብር፣ የመሬት፣ የንግድ ውድድርና የመሳሰሉትን ጉዳዮች ከግልግል ውጭ አድርጎ፣ የአስተዳደር ውልን በሕግ ከተፈቀደ በስተቀር በዚሁ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ተቋሙ በግልግል ለመዳኘት የሚያስችለው የሕግ ፈቃድ እንዳለው ማረጋገጥ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው። ከፈረሙ በኋላ «ሥልጣን አልነበረኝም» የሚል መከራከሪያ በዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤዎች ዘንድ ብዙም ተቀባይነት አያገኝም፤ የመንግሥትን ቃልም ያስገምታል።

ቀን የሚቆጥር ጠረጴዛ

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያለው ዋና ችግር የጊዜ ነው። በመንገድ፣ በግድብና በሕንፃ ሥራዎች በሰፊው የሚያገለግለው የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ወይም በምህጻሩ ፊዲክ የሚባለው የውል ሰነድ በቀናት የተሞላ ነው። በ1999ኙ እትም አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ይገባኛል ሲል ምክንያቱን ባወቀ በ28 ቀናት ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ በ42 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን ያቀርባል። መሐንዲሱም ዝርዝሩ በደረሰው በ42 ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጣል። በ2017ቱ እትም ደግሞ የ28 ቀኑ የማስታወቂያ ግዴታ አሠሪውንም ጭምር የሚመለከት ሆኗል። ይህ ለውጥ ያልደረሳቸው የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶች በሥራ ተቋራጩ ላይ ያላቸውን የካሣ ጥያቄ በዝምታ ሊያጡ ይችላሉ።

ከዚህ የሚከፋም አለ። የክርክር ገላጋይ ቦርዱ በ84 ቀናት ውስጥ በሚሰጠው ውሳኔ የማይስማማ ወገን ተቃውሞውን በ28 ቀናት ውስጥ ካላስታወቀ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል። አንድ ደብዳቤ በኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወር ቢከርም ለተራ ጉዳይ መዘግየት ሊባል ይችላል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ግን መብትን መተው ነው።

ክርክሩ ከተጀመረ በኋላም ቀኖቹ ይቀጥላሉ። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ተከሳሽ መልሱን በ30 ቀናት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ደግሞ ሦስት ዳኞች በሚሰየሙበት ጉዳይ አንዱ ወገን ዳኛውን መርጦ ካስታወቀ በኋላ ሌላው በ30 ቀናት ውስጥ የራሱን ካልመረጠ፣ ሿሚው አካል በእርሱ ፋንታ ይመርጥለታል። ተከሳሽ አልቀረበም ተብሎ ክርክሩ አይቆምም። በእነዚህ 30 ቀናት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ማጥናት፣ የመንግሥትን የፍትሐ ብሔር ክርክር ለሚመራው ለፍትሕ ሚኒስቴር ማሳወቅ፣ ጠበቃ መሰየምና ዳኛ መምረጥ ይጠበቅበታል። የግዥ ሂደቱ ብቻ ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችል የሚያውቅ ተቋም፣ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያገለግል ውስጣዊ መመሪያ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

በቃል ያለ ይረሳል

የግልግል ዳኞች የሚያውቁት በፊታቸው የቀረበውን ሰነድ ብቻ ነው። የግንባታ ቦታው ርክክብ የዘገየው በማን ጥፋት እንደሆነ፣ ተጨማሪው ሥራ በማን ትእዛዝ እንደተሠራ የሚያስረዳው የዕለት መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤና የደረሰኝ ማረጋገጫ ያለው ደብዳቤ ነው። በዚህ ረገድ በትላልቅ የውጭ ኩባንያዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑ የታወቀ ነው። ኩባንያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የካሣ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ባለሙያ መድቦ እያንዳንዷን ቀን ይመዘግባል። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ግን ትእዛዙ በስልክ ይሰጣል፤ ስምምነቱ በስብሰባ ላይ በቃል ይደረሳል፤ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ይቀራል።

ጉዳዩ ወደ ግልግል በሚደርስበት ጊዜ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ተዛውሯል፤ መሐንዲሱ ሥራ ለቋል፤ ፋይሉም በሦስት ክፍሎች ተበታትኗል። ስለ ጉዳዩ በቅርብ የማያውቅ ሠራተኛ ለምስክርነት ሲቀርብና ለመስቀለኛ ጥያቄ መልስ ሲያጣ የሚጎዳው የራሱ ስም ብቻ ሳይሆን የተቋሙ ክርክር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለውን አባባል የግልግል ዳኝነትን ያህል የሚያረጋግጥ መድረክ ጥቂት ነው።

ለዚህ የሚወሰደው መፍትሔ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ትልቅ ውል አንድ ኃላፊነት ያለው የውል አስተዳዳሪ መመደብ፣ ሁሉም ደብዳቤ የሚገባበት አንድ ፋይልና አንድ የቀነ ገደብ መዝገብ መያዝ፣ የቃል ትእዛዝ በማግሥቱ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ማድረግ፣ ኃላፊ ሲዛወር ከቢሮ ቁልፍ ጋር የውሉን ታሪክ በጽሑፍ እንዲያስረክብ ማስገደድ ናቸው። አለመግባባት ሲፈጠርም በወቅቱ የነበሩ ባለሙያዎች የሚያውቁትን ሳይረሱት በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ማድረግ ይገባል።

ምስጢር መጠበቅም የዚሁ አካል ነው። የናይጄሪያው ጉዳይ እንዳሳየው የሕግ ምክር የያዘ ማስታወሻ ከቢሮ ሲወጣ ባላጋራው የሚጫወተው የተገለጠ ካርታ አይቶ ነው። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ማን እጅ እንደገቡ መመዝገብ፣ በክርክሩ ላይ የተመደቡትን ሰዎች ቁጥር መወሰን፣ ውሉን ያዘጋጁት ሰዎች የጥቅም ግንኙነት እንደሌላቸው ማጣራት ከጥርጣሬ የመነጨ ሳይሆን የሥራው ግዴታ ነው።

መደራደር ጥፋት ነውን?

በመጨረሻ የሚነሳውና በግልጽ የማይነገረው ጉዳይ የእርቅ ነው። የፊዲክ ውሎች ከግልግል በፊት ለወዳጃዊ ድርድር ጊዜ ይሰጣሉ፤ በ1999ኙ እትም 56 ቀን፣ በ2017ቱ ደግሞ 28 ቀን። ብዙ ጊዜ ይህ ወቅት ያለ ምንም ንግግር ያልፋል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። አንድ ኃላፊ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ጉዳዩን ቢቋጭ ነገ «ለምን ከፈልክ?» ተብሎ በኦዲት እንዳይጠየቅ ይፈራል። ጉዳዩን ወደ ግልግል ሰዶ የበለጠ ገንዘብ ቢፈረድበት ግን ዕዳውን ያመጡት ዳኞች እንጂ እርሱ አይደለም። የግል ጥንቃቄ የሕዝብን ጥቅም የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ስሌት የሚለውጠው አሠራር እንጂ ምክር አይደለም። ከገለልተኛ የሕግና የምሕንድስና ባለሙያዎች የተውጣጣ ቡድን የመሸነፍን ዕድል፣ የክርክሩን ወጪና እየጨመረ የሚሄደውን ወለድ አስልቶ በጽሑፍ ካቀረበ፣ ኃላፊውም በዚያ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በቅን ልቦና ከወሰነ ጥበቃ ሊያገኝ ይገባዋል። በሌላ በኩል ሊረታ የሚችልን ክርክር ከድካም የተነሳ በእርቅ መጨረስም ያው ጥፋት ነው። ሁለቱን የሚለየው ከመወሰን በፊት የተደረገ ስሌት ነው።

ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ለሀገሮች ወጥመድ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ትላልቅ ካሣዎች፣ ውድ ጠበቆችና ሩቅ ከተሞች እንዲህ ያለ ስሜት ቢያሳድሩ አያስገርምም። ሆኖም የልማት ሥራዎች የውጭ ካፒታልና ዕውቀት እስከፈለጉ ድረስ ከግልግል መሸሽ አይቻልም። የሚቻለው ተዘጋጅቶ መቅረብ ነው። ናይጄሪያ በለንደን ያገኘችው ፍትሕ ዘግይቶ፣ በብዙ ወጪና በፍርድ ቤት ልዩ ፈቃድ የተገኘ ነው። በእንዲህ ያለ ዕድል ላይ ተማምኖ ውል የሚፈርም መሥሪያ ቤት ሊኖር አይገባም።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት የግልግሉን አንቀጽ ቃል በቃል ያነበበ የሕግ ባለሙያ፣ በ27ኛው ቀን ደብዳቤውን ወጪ ያደረገ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የቃል ትእዛዙን በጽሑፍ ያረጋገጠ መሐንዲስ ሥራቸው በዜና አይነገርም። ይሁን እንጂ ለሀገር የሚያተርፉት ገንዘብ በባሕር ማዶ ችሎት ከሚገኘው ድል አያንስም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው።